ከጫጫ ሜዳ የሚለቀም ግጥም

ግጥም ከመጽሐፍ ብቻ አይወለድም። አገሩን አይቶ የሚያስብ ሰው ከወንዙም ከተራራውም የሚለቅመው ቃል አያጣም። ስለዚህ በዛሬው ዐምዳችን ለአባቶችና ለእናቶች ስለ ጫጫ አገር ጥቂት ነገር ልናቀርብ ወደድን።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መንገደኛ ከከተማዪቱ ሳይደርስ ጫጫን ያገኛል። ዓይኑ የሚያየው ብርድ የጠናበት ደጋ፥ የገብስ ማሳና በመስኩ የተሰማራ በግ ነው። ነገር ግን በዚያው አቅራቢያ አንጎለላ አለ፤ ይኸውም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ አድርገው የተቀመጡበት፥ ዳግማዊ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት ስፍራ ነው። ምኒልክ በልጅነታቸው፥ በ1848 ዓ.ም.፥ በዐፄ ቴዎድሮስ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህን ያልሰማ ልጅ ሜዳውን ሣር ብቻ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሚነግሩት ሽማግሌዎችም ለዘለዓለም አይኖሩም።

የአገሩም ውሃ ራሱ ምሳሌ ነው። በዚህ ደጋ የሚወርደው ዝናም በሁለት ይከፈላል። ከአንኮበር አፋፍ በምሥራቅ የወደቀው ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ካሉት ሐይቆች ያበቃል። በጫጫ በኩል የወደቀው ግን በጀማ አድርጎ ከዓባይ ይገባል። እኛም ይህን ብናስብ እንዲህ ብለን ገጠምን፤

ካንድ ደመና ወጥቶ፥ ካንድ ሰማይ ተወልዶ፤
ግማሹ ተነነ፥ አዋሽ ቆላ ወርዶ፤
ወንድሙ በጫጫ፥ በዓባይ ተሰዶ፤
ከባሕር ደረሰ፥ ካገር ካገር ማዶ።
ሰውም እንደዚሁ፥ ባንድ አፈር ተዘርቶ፤
መንገድ ይለየዋል፥ ወይ ባክኖ ወይ ሠርቶ።

አንድ ብልህ ልጅ ይህን ሰምቶ፥ «አዋሽስ ከባሕር ባይደርስ የተጠማ ምድር አጠጥቶ የለምን? እንዴት ባከነ ይባላል?» ቢለን ደስ ይለናል እንጂ አንቈጣም። መልሱን በግጥም ይግጠመው፤ ግጥም ማስተማር ማለት ይህ ነውና። ሰም ከዓይን ፊት ይገኛል፤ ወርቁን ግን መርምሮ የሚያወጣው አሳቢ ልብ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በዚያ መንገድ ስትሄዱ ጥቂት ቁሙ። ወንዙ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ በሜዳውም ማን እንደ ተወለደ ንገሯቸው። ማታ በእሳት ዳር ሁለት ሁለት ስንኝ እንዲገጥሙ አድርጉ፤ ቢሳሳቱም አትሣቁባቸው። የሣህለ ሥላሴ ከተማ እንደ ቀድሞው አልቆየም፤ ልጅ በቃሉ የያዘው ስንኝ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።