ለአርማታው የምንጨነቀውን ያህል ለዘበኛው

ጥቅምት ገብቶ የሌሊቱ ብርድ ሲጠነክር በየዓመቱ አንድ ዓይነት ዜና ይመጣል። ከሰል አያይዞ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት ሞቶ ተገኘ። አንዳንዴ አንድ ሰው ነው፣ አንዳንዴ አብረው ያደሩ ሁለት ሦስት ሰዎች። ዜናው የሚዘጋው ደግሞ «ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ ያድርግ» በሚል ምክር ነው።

ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚነገረው ነገር አለ። ዜና ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን እና እንዴት የሚሉትን ይመልሳል። በእነዚህ ዜናዎች ውስጥ ግን «ለምን» የለችም። ሰውየው ለምን ከሰል አያይዞ ተኛ? «ስለበረደው ነዋ!» አትበሉኝ። ብርዱማ ለሁላችንም ነው። ጥያቄው ከማሞቂያ ሁሉ ለምን ከሰልን መረጠ ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። በግንባታ ቦታ የሚያድር ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ማሞቂያውን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ የሚገዛውም ከራሱ ኪስ ነው። በሳይቱ ላይ ካሉት ሁሉ ትንሹን ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ሲመርጥ ደግሞ ያው ርካሹን ይመርጣል፤ ርካሹም ገዳዩ ነው። ምርጫው መጀመሪያውኑ የእሱ መሆን አልነበረበትም። የአሠሪው ነው።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች የግንባታ ቦታ ማሞቂያ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። አንዱ ምክንያት አርማታው ነው። አዲስ በፈሰሰ አርማታ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ይለጠጣል፣ አርማታውም ጥንካሬውን ያጣል። ስለዚህ ዙሪያው በሸራ ይሸፈናል፣ ውስጡ ይሞቃል። ማሞቂያውም ዝም ብሎ አይመረጥም። ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያልጠነከረውን ወለል ፊቱን ያበላሸዋል፤ ወለሉ በኋላ እንደ ዱቄት ይቦናል። ስለዚህ እሳቱ ውጭ ነዶ፣ ጭሱ በጭስ ማውጫ ወጥቶ፣ ንጹሕ ሙቅ አየር ብቻ በቱቦ የሚያስገባው ዓይነት ይመረጣል። ለሰውም ደንብ አላቸው። የአሜሪካ የግንባታ ደኅንነት ደንብ ጠጣር ነዳጅ የሚያነድ ማሞቂያ ሕንፃ ውስጥም ሆነ መወጣጫ ላይ እንዳይነድ በግልጽ ከልክሏል። ከሰል ማለት እኮ ጠጣር ነዳጅ ነው!

ወደ አገራችን እንምጣ። እኛ ዘንድ ክረምት ማለት ዝናብ ነው። የሚቆረጥመው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ሲጠራ፣ በበጋው ሌሊት ነው። ግንባታውም የሚጧጧፈው ያኔ ነው። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ይሄ ብርድ አርማታ አያበላሽም። አርማታው ስለማይጎዳ ታዲያ ማሞቂያ የሚባል ነገር በሥራ ዝርዝሩም በበጀቱም ውስጥ አይገኝም። የሚበርደው ዘበኛው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ «የራሱ ጉዳይ» ነው።

«ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል» የሚባለው ነገርም መቆም አለበት። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ቀዩ ፍም የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ገብቶ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያዛል፤ የኦክስጅኑን ቦታ ይቀማል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያዞረው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይሞታል። በር ገርበብ ማድረግ መተማመኛ አይሆንም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ መጀመሪያውኑ የሳሳ ነው።

አሁን ወደ ሰበቦቹ።

«ለምዶታል» ይላሉ። ብርድ የለመደ ሰው ከሰል ምን ያደርግለታል?

«ቢሞቀው ይተኛል» ይላሉ። ይሄን የሚሉት ዘበኛውን ከምሽት እስከ ንጋት፣ አንዳንዴም ቀንና ሌሊት አከታትለው የሚያቆሙት ሰዎች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8 ሰዓት አድርጎታል። ንቁ ዘበኛ የፈለገ ፈረቃ ይከፋፍል። ብርድ የዘበኛ ማንቂያ አይደለም። ከሰሉ ደግሞ ላይነቃ ያስተኛዋል።

«እኛ አይደለንም፣ ኤጀንሲው ነው የቀጠረው» ይላሉ። ኤጀንሲው ደግሞ «ሳይቱ የኮንትራክተሩ ነው» ይላል። ኮንትራክተሩ ወደ ባለቤቱ ይጠቁማል። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 92 ግን የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። «ተጠንቀቅ» ብሎ መምከር ግዴታን መወጣት አይደለም።

«ወጪ ነው» ይላሉ። የአንድ ሂተር ዋጋ ከአንድ ሚክሰር መኪና አርማታ ዋጋ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። 1,500 ዋት የሚወስድ ሂተር 10 ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሠራ 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ብየዳውና ሚክሰሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ያልተቆጠረ ቆጣሪ ዘበኛው ጋ ሲደርስ ለምን ይቆጠራል?

እና ምን ይመረጥ? ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር በሙሉ ይውጣ። ከሰሉም፣ ጭስ ማውጫ የሌለው የላምባና የጋዝ ማሞቂያም። ጀነሬተርም ከቤቱ ርቆ፣ ውጭ ይሥራ። የሚሻለው ውስጡ ዘይት ያለው፣ ሲግል ራሱን የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ሂተር ነው። የጋለ ሽቦው የተጋለጠ ምድጃ አይሁን፤ ጋቢ ሲነካው እሳት ነው። በተቀጣጠለ ቀጭን ሽቦ አይሰካ፤ ኤሌክትሪሺያኑ የራሱን መስመርና ብሬከር ያስገባለት። ቆርቆሮው ሙቀት ስለማይዝ ውስጡ በቺፕዉድ ይለበጥ፣ ወለሉም ከመሬት ከፍ ይበል። መብራት ሲጠፋስ? ወፍራም ካፖርት፣ ብርድ ልብስ፣ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ። እሳት የግድ ከሆነ በገላጣ ቦታ፣ ደጅ ይንደድ።

ይሄ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጎደለው የሚያዝ ሰው ነው። ኮንሰልታንቱ የፌሮውን ርቀት በሜትር እየለካ «ይፍረስ» ይላል። ያው ሰው በዘበኛው ቤት በር አልፎ ሲሄድ ምድጃውን አያይም። የፌሮው ስህተት ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ምድጃው አይገባም። የሥራ ዝርዝሩ ላይ «የሠራተኛ ማደሪያና ማሞቂያ» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ግን ምድጃውም በሪፖርት ይያዝ ነበር።

የመጨረሻውን ለባለቤቶች፣ በተለይም አሜሪካና አውሮፓ ሆናችሁ አዲስ አበባ ላይ ቤት ለምታሠሩ። ሥራው የት እንደደረሰ በስልክ ቪዲዮ ታያላችሁ፤ «ሦስተኛው ፎቅ አለቀ?» ትላላችሁ። እናንተ ያላችሁበት ቤት ሙቀቱ በአዝራር የሚስተካከል ነው። በሚቀጥለው ስትደውሉ አንድ ነገር ጨምሩ። «ዘበኛው የሚያድርበትን ቤት አሳየኝ» በሉ። ምድጃ ካያችሁ ዛሬውኑ ሂተር ይገዛለት። ሲሚንቶው ለነገ ይደርሳል።