ዲኤክስን ከመናቃችሁ በፊት

ልደታ አካባቢ ጋራዥ ደጃፍ ለአፍታ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት መኪና ያያል። አንዱ ዕድሜው ከሾፌሩ የሚበልጥ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ ካርቡሬተሩ ተፈቶ ታጥቦ በዕለቱ ይወጣል። ሌላው ቅንጡ የጀርመን መኪና ነው፤ ኤር ሰስፔንሽኑ አፍስሶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ዕቃው በዶላር ተገዝቶ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ዲኤክስ የሚታመነው ስለማይበላሽ አይደለም። ሲበላሽ ሶማሌ ተራ ዕቃ፣ በየሰፈሩም እጁን የሚያውቅ መካኒክ ስላለው ነው።

ሕጉ ግን የሚያየው ዕድሜን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አዲስ ባለትልቅ ሞተር መኪናን በ100 በመቶ አሳልፎ፣ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለውን እስከ 500 በመቶ ቀጣ። አሮጌው ይወገዳል ተባለ። ምትክ መግዛት ያቃተው ሰው ግን የያዘውን አሮጌ መኪና ጭራሽ አጥብቆ ያዘ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ፤ ሐምሌ ላይ ብር ሲወርድ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ወጣ።

ዛሬ ኤሌክትሪክ መኪና ግዙ ይባላል። ጥሩ! ባትሪው ሲደክም የት ይጠገናል? ለኤሌክትሪኩ ሶማሌ ተራ ያልሠራ መንግሥት ዲኤክስን የመቅጣት ሞራል የለውም።