ጥይት ያልገደለውን የአልጋ ቁስል ሲገድለው፦ ጀርባቸውን የቆሰሉ ወታደሮቻችንና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውራ ጎዳናው የሚጓዝ ሰው ከሚሴን ሳይረግጥ አያልፍም። 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፥ የቦርከናን ወንዝና የጨፋን ሜዳ እያየ፥ ቡናውን ጠጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በዚህ መንገድ የመጣው ጦርነት ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ሲወድቁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴም በዚያው ሰሞን ተያዘች፤ የመንግሥት ጦር መልሶ የያዛት በኅዳር መጨረሻ ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም በየአጥቢያችን ምስጋና አቀረብን። ምስጋናውም ተገቢ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተባባሰው ግጭት ሌላ ቁስለኛ ጨመረብን።

ጦርነት በፊርማ ሊቆም ይችላል። በአንዳንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ግን ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለ እነዚህ ሰዎች ነው፤ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ኅብለ ሰረሰራቸውን ጎድቶት ከወገብ በታች፥ አንዳንዶቹም ከአንገት በታች መንቀሳቀስ ስላቃታቸው የቀድሞ ተዋጊዎች።

ያላየነው ጀርባ

አስቀድሜ የራሴን በደል ልናዘዝ። በዞኑ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖር ወንድም ነበረን። ስሙን አልጠራም። በሚሊሻነት ዘምቶ ፍንጣሪ ወገቡን መታው። ወራት በሆስፒታል ተኝቶ ሕይወቱ ተረፈ፤ እግሮቹን ግን ማዘዝ አልቻለም፤ ቢነኩትም አይሰማውም ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ እኔና ሁለት ሽማግሌዎች በየሁለት ሳምንቱ እየሄድን እጃችንን በጉልበቱ ላይ ጭነን እንጸልይ ነበር። ሻይ ጠጥተን፥ የሚስቱን ትዕግሥት አመስግነን እንመለሳለን። በቤቱ ውስጥ ሽታ እንዳለ ሁላችንም አውቀናል፤ በይሉኝታ ግን ዝም አልን።

አንድ ቀን ትኩሳት ጣለው። አራት ሙስሊም ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው የመኪና መንገድ ድረስ አደረሱት። ነርሷ ስትገለብጠው ከወገቡ በታች አጥንት የሚያሳይ ቁስል ተገኘበት። በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፈ። ሚስቱ በለቅሶው ቤት፥ “ፓስተር፥ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም” አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም አልነገርኋትም፤ አላውቅም ነበርና። ለወራት ስለ እግሮቹ ስንጸልይ አንድ ቀን እንኳ ጀርባውን አላየንም።

ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሞችንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን መጠየቅ የጀመርሁት።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። ትእዛዝ ወደ እጅና እግር የሚወርደው፥ ስሜትም ወደ አንጎል የሚወጣው በእርሱ ነው። ገመዱ ሲጎዳ ከጉዳቱ ቦታ በታች እንቅስቃሴና ስሜት ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል፤ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቆጣጠርም ያስቸግራል። ጤነኛ ሰው ተኝቶም ቢሆን ሲጨንቀው ይገላበጣል። ይህ ሰው ግን ጭንቁ አይሰማውም፤ ቆዳው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ተጨፍልቆ ደም ሳያገኝ ይሞታል። የአልጋ ቁስል የሚባለው ይህ ነው። ሽንቱ በወቅቱ ካልወጣ ወይም ቱቦው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ኢንፌክሽኑ እስከ ኩላሊት ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራሉ፤ ያለ ዕድሜያቸው የመሞታቸው ዕድልም ጉዳቱ ከሌለበት ሰው ከ2 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። በድሃ አገሮች ነገሩ ይከፋል። ልብ በሉ፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ጉዳቱ ራሱ አይደለም። የሚገድላቸው መከላከል የሚቻለው ቁስልና ኢንፌክሽን ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ የተማረው ትምህርት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርባቸውን ከተመቱት ወታደሮች አብዛኞቹ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞቱ ነበር፤ ሐኪሞችም ተስፋ የላቸውም ብለው ይተዉአቸው ነበር። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው አይሁዳዊው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ይህን አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለቆሰሉ ወታደሮች የተለየ ክፍል ከፈተ። የጀመረውም ቀላል በሚመስል ነገር ነው፤ ሕሙማኑ ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዘ፥ የሽንት ቱቦውን ንጽሕና ተቆጣጠረ፥ ከዚያም ሥራና ስፖርት ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ አወዳደረ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ እንደ ባዕድ ልናየው አንችልም። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ፥ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ጨዋታም በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ተካሂዷል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ በሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጦ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። የተወሰደውም ወደዚያው ወደ ስቶክ ማንደቪል ነው። ስምንት ወር ታከመ፤ መራመድ አልቻለም፥ የእጆቹን ጉልበት ግን መልሶ አገኘ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው የጉዳተኞች ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በክብር ኖረ።

ውድ አንባቢ፥ ለአንድ ጀግና የንጉሡ መንግሥት ይህን አደረገ። መልካም ነው። ስሙ በጋዜጣ ያልወጣው የጨፋ ገበሬ ልጅስ?

አገራችን እስከ ዛሬ ያደረገችው

መንግሥታት ጨርሶ አልሠሩም ማለት ሐሰት ይሆናል። በደርግ ዘመን ለጦር ጉዳተኞች በደብረ ዘይት የጀግኖች አምባ ተቋቁሞ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተሠይሞ ከ400 ሺህ የሚበልጡ ወታደሮችን አሰናበተ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች፥ ከእነርሱም መካከል በሺህ የሚቆጠሩ አካል ጉዳተኞች፥ ወደ ሰላማዊ ኑሮ እንዲመለሱ ተደርጓል። ከፕሪቶሪያ በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ በተለያዩ ክልሎች ከ370 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን የማሰናበትና የማቋቋም ዕቅድ ይዞ፥ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በትግራይ ጀመረ።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ይህ ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚለካው በተመዘገበው ሰው፥ በተረከቡት መሣሪያና በተሰጠው የመቋቋሚያ ገንዘብ ነው። መራመድ ለሚችለው ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ሁለት በግ ገዝቶ ይጀምራል። ኅብለ ሰረሰሩ ለተጎዳው ግን አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ መፍትሔ አይሆንም። ዘንድሮ፥ ለከርሞም፥ ከሃያ ዓመት በኋላም የሽንት ቱቦ፥ ፍራሽ፥ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ፥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የሰው እጅ ያስፈልገዋል። የጡረታ ሕጉም ቢሆን በመደበኛነት ለተቀጠረው የሠራዊት አባል የተሠራ ነው። ከእርሻው ተጠርቶ የዘመተው ሚሊሻና በፈቃዱ የተሰለፈው ወጣት ወረቀት ይዞ የሚሄድበት በር ጠባብ ነው።

ርቀቱም አለ። ጠለቅ ያለ ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ የጦር ኃይሎች ሆስፒታልም ጥቁር አንበሳም እዚያው ናቸው። በመናገሻ ቼሻየር ከ1950ዎቹ ጀምሮ አካል ጉዳተኞችን ያገለግላል። ለከሚሴ ሰው የሚቀርበው በደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር፥ ድጋፍና ተሽከርካሪ ወንበር የሚገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ማዕከል ነው። 75 ኪሎ ሜትር ለጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። መቀመጥ ለማይችል፥ አጃቢ ለሚያስፈልገው፥ መንገዱም ባለመረጋጋት ለሚዘጋበት ሰው ግን ሩቅ አገር ነው። የደሴ ሆስፒታል ራሱ በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉንና መውደሙን አንርሳ። በዞናችን ለዚህ ጉዳት ብቻ የተዘጋጀ ማዕከል የለም። ስለዚህ ማዕከሉ የሰውየው ቤት፥ ባለሙያዋም ምንም ያልሠለጠነችው ሚስቱ ወይም እናቱ ናት ማለት ነው።

ከሎዶባር ወደ ንጉሡ ማዕድ

ሜምፊቦስቴን ታስታውሳላችሁ። አካል ጉዳተኛ የሆነው በጦርነት ወሬ ነው፤ የአባቱና የአያቱ መሞት ሲሰማ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ በአምስት ዓመቱ ወድቆ ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ (2ኛ ሳሙ. 4፥4)። ያደገውም ተሸሽጎ በሎዶባር ነው። ዳዊት ግን ሦስት ነገር አደረገለት (2ኛ ሳሙ. 9)። በመጀመሪያ ራሱ ፈለገው፤ እስኪመጣ አልጠበቀም። ሁለተኛ የአያቱን እርሻ መለሰለትና የሚያርሱለትን ሰዎች መደበ። ሦስተኛ በማዕዱ ሁልጊዜ አስቀመጠው። ምዕራፉ የሚያልቀው እግሮቹ ሽባ እንደ ሆኑ በመናገር መሆኑን አስተውሉ። አልተራመደም፤ ነገር ግን ከንጉሡ ጋር በላ። ደግሞም ሜምፊቦስቴ የሳኦል ወገን ነበረ። ዳዊት በየትኛው ጎራ ነበርህ ብሎ አልጠየቀም። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ ወንድም በወንድም ላይ ሲነሣ ላየን ለእኛ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለን እናምናለን፤ እንጸልይማለን። ነገር ግን አንድን ወንድም ከመድረክ ፊት አስቀምጠን፥ ሳይነሣ ሲቀር “እምነት ጎደለህ” ብለን መመለስ ሁለተኛ ጥይት ነው። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ የሚበቃ ጸጋ ነበር (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙት አራቱ ሰዎችም የጌታ ዓይን ያረፈበትን እምነታቸውን የገለጡት ጣራ በመንደል ነው (ማር. 2፥1-12)። የእኔን ወንድም በቃሬዛ የተሸከሙት አራቱ የእኔ አጥቢያ ሰዎች አልነበሩም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ እንፈልጋቸው። በየአጥቢያችሁና በየጎረቤቱ የተኛ የቀድሞ ተዋጊ እንዳለ ቁጠሩ፤ የእምነቱንና የጎራውን ጉዳይ ተዉት።

ሁለተኛ፥ እንማር። ከጤና ጣቢያው ነርስ ጠርታችሁ የወንዶችና የሴቶች ኅብረት አባላትን አሠልጥኑ። በአልጋ ላይ ያለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ በወንበር የተቀመጠው በየ15 እስከ 30 ደቂቃ በክንዱ ይነሣ ወይም ወደ ጎን ያዘንብል። ጠዋትና ማታ ጀርባው፥ ዳሌው፥ ተረከዙ ይታይ፤ ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ካለ ያ ቦታ ጭራሽ አይተኛበት። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ይግባ። ሽንት በሐኪሙ ምክር በንጹሕ ቱቦ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይውጣ። ከደረቱ መካከል በላይ የተጎዳ ሰው ድንገት ራሱን ሲያመውና ሲያልበው ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፥ ቱቦው ታጥፎ ወይም ተዘግቶ እንደ ሆነ እዩ፥ ፈጥናችሁም ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሦስተኛ፥ አስታማሚዋን እናሳርፋት። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ የምትነሣ ሴት እስከ መቼ ትችላለች? በሳምንት ሁለት ሌሊት ተራ ይዛችሁ ብትተኩአት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

አራተኛ፥ በወረቀቱ እንርዳ። የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፥ የዘመቻ ምስክርነት፥ የጡረታ ወይም የድጋፍ ማመልከቻ ለተኛ ሰው ከባድ ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ መብታቸውን በትሕትናና በድፍረት እንጠይቅ።

አምስተኛ፥ የራሳችንን ደጅ እንይ። የሕንፃ አዋጁ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ያዝዛል። የጸሎት ቤታችሁ መግቢያ ስንት ደረጃ አለው? ሽንት ቤቱስ ወንበር ያስገባል?

ወገኖቼ፥ ይህን የምጽፈው መንግሥት ኃላፊነቱን ለእኛ እንዲተው አይደለም። ኮሚሽኑም ጤና ቢሮውም ለእነዚህ ሰዎች የዕድሜ ልክ ክትትል እንዲያቅዱ ልንጠይቅ ይገባል። ነገር ግን ዕቅዱ ከከሚሴ አልፎ ገጠር ቀበሌ እስኪደርስ ድረስ ቆዳ አይጠብቅም፤ ለመቁሰል ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል።

ያች እኅት ዛሬም በአጥቢያችን አለች። ባለፈው ዓመት በጀርባው የተመታ ሌላ ወጣት ወደ ሰፈሩ ሲመለስ እናቱ ቤት ቀድማ የሄደችው እርሷ ናት። ይዛ የሄደችውም ትራስና የግድግዳ ሰዓት ነበር።

ጌታ ዓይናችንን ይክፈት። ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።