አሳማው ነፃ፣ ገበሬው እስረኛ!

እኔ የምለው ጎበዝ! ከተማ ቁጭ ብሎ የበቆሎ እሸት እየጋጠ «ገበሬው ሰነፍ ነው» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ባለፈው መስከረም ጅማ አካባቢ፣ ከቡና ጫካ ጥግ የሚያርሱት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። እንግዳ ነውና አልጋ ተነጥፎለት ተኛ ብላችሁ ከገመታችሁ ተሳስታችኋል። ሌሊቱን ያደርኩት ከ12 ዓመት ልጃቸው ጋር ማማ ላይ ነው። ልጁ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ይጮሃል፣ ወንጭፍ ያስወነጭፋል። ሊነጋጋ ሲል ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ጣለው። ከማማው ስንወርድ በማሳው በወዲያኛው በኩል ያለው በቆሎ አገዳው ተሰባብሮ፣ እሸቱ ታኝኮ፣ መሬቱ እንደታረሰ ተገለባብጦ አገኘነው። ልጁ የዚያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደም። በየትኛው ዓይኑ ሊያነብ?

ሰው ሁሉ «ከርከሮ ነው» ይላል። ለከርከሮ ጠበቃ መቆሜ አይደለም፤ ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ ከርከሮ ቀን ወጥቶ ሌሊት ጉድጓዱ የሚገባ አውሬ ነው። የሌሊቱ ሌባ የጫካ አሳማ ነው። ቀን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ በመንጋ ይወጣል። ዓይኑ ደካማ ቢሆንም አፍንጫና ጆሮው ግን ለጉድ ነው። በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ እንሰት አይመርጥም። ጠላትን ሳያውቁ ዘመቻ ከንቱ ድካም ነውና ይህን መጀመሪያ እንያዝ።

«ታዲያ ተኩሰውበት አይገላገሉም?» ይለኛል የከተማው ሰው። ወይ መገላገል! አንዱን ብትጥለው የቀረው መንጋ ይበተናል። በማግሥቱ የጎረቤትህ ማሳ ላይ ነው። ያ ጥይት የሰማ አሳማ ደግሞ ሁለተኛ በዚያ መንገድ አይመጣም። ያቆሰልከው ከሆነ ጉድ ፈላ! ክርክሙን አሹሎ ወዳንተ ይዞራል። ሥጋውን ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላውም፤ ስለዚህ ለጥቅም ብሎ የሚያድነው የለም። እያንዳንዱ ገበሬ ከራሱ ማሳ ወደ ጎረቤቱ ሲያባርር ያድራል፤ ጎረቤቱም መልሶ ይልክለታል። ይኼ አደን ሳይሆን ቅብብሎሽ ነው!

ከዚህ የባሰም አለ። መርዝ የሚያስቀምጡ አሉ። መርዙ አሳማውን ብቻ መርጦ አይገድልም። ውሻውን፣ ጅቡን፣ ጥንብ አንሣውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አሳማ አዳኙን ነብርን ይፈጃል። ነብሩን ጨርሰን ስናበቃ «አሳማ በዛብን» ብለን እናለቅሳለን። እስቲ ማን አበዛው?

በአሳማ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካኖችም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። የእነሱ አሳማ በቤት እርባታ የገባና ጫካ የገባ ዘር ነው እንጂ እንደ እኛው የአገሩ ተወላጅ አይደለም። ቴክሳስ በ2011 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ አሳማ መተኮስ ለከፋይ አዳኝ ሳይቀር የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። አሳማው ግን አላለቀም። ሚዙሪ ተቃራኒውን መንገድ ያዘች። በ2016 የጥበቃ መሥሪያ ቤቷ በሚያስተዳድራቸው ቦታዎች አሳማ ማደንን ከለከለች። እብደት ይመስላል አይደል? ምክንያታቸው ግን ግልጽ ነው። ተኩስ መንጋውን ይበትናል፤ ወጥመድ መንጋውን በሙሉ ይይዛል። ሰፊ በረት ያጥራሉ፣ በሩን ክፍት ትተው ለቀናት በቆሎ ይበትኑለታል። የመጨረሻው አሳማ ተላምዶ እስኪገባ ይታገሣሉ። ሁሉም ሲገቡ በሩ ይዘጋል። አለቀ!

ይኸው በረት በእኛ ጫካ አሳማ ላይ ይሠራ ይሆን? የሚታወቀው ሲሞከር ነዋ! አጣና የማናጣ፣ አጥር ማጠር የምናውቅ ሰዎች ነን። የጎደለው የሚያስተባብር ነው። አጎቴ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደው ነበር። «የዱር እንስሳ መግደል ክልክል ነው» ተባሉ። «እሺ፣ እናንተው ኑና አባሩልን» ቢሉ «በጀት የለም»። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ቢሉ «ማመልከቻ ጽፈህ ና»። ሽማግሌውን «አንተ» እያሉ! ማመልከቻው ጠረጴዛ ላይ ተኛ፤ በቆሎው ተበላ።

የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። መከልከሉን አልቃወምም፤ ባይከለከል ኖሮ እስከ ዛሬ የሚተርፍ አውሬ ባልኖረ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዶላር የከፈለ የውጭ አገር ሰው ፈቃድ ተሰጥቶት፣ መሪ ተመድቦለት፣ በዓለም ላይ እኛ ዘንድ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን ገድሎ ቀንዱን ይዞ ይሄዳል። ማሳው የተበላበት ገበሬ ግን ፈቃዱ የት እንዳለ እንኳ የሚነግረው የለም። ለአንዱ በር፣ ለሌላው አጥር!

እኔ የምጠይቀው ጠመንጃ አይደለም። እሸት በሚደርስባቸው ወራት ፈቃዱ እዚያው ቀበሌው ድረስ ይውረድ። ሰጪውም ተቀባዩም ይታወቅ። ለአንድ ገበሬ ሳይሆን ጫካውን ለሚያዋስኑት ማሳዎች ሁሉ በጋራ ይሰጥ። ባለሙያው ከቢሮው ወጥቶ በረት አተካከሉን ያሳይ። መርዝ የሚያስቀምጥ ይጠየቅ፤ ነብሩም ሥራውን ይሥራ፣ ደመወዝ አልጠየቀን!

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ ግን አንበሳው ቀርቶ አሳማ ማሰር አቅቶን የ12 ዓመት ልጅ ማማ ላይ አስረናል። ዘንድሮም መስከረም ይመጣል። ያ ልጅ ቆርቆሮውን ይዞ ዳግመኛ ማማው ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ የሚደበድበው ለአሳማው ሳይሆን ለእኛ ጆሮ መሆኑን እንወቅ!