ከመሃል «ቀጥል» ብንባልስ?



መድረሳ የቀራን ሁሉ እናስታውሳለን። ኡስታዛችን ሒፍዛችንን ሲፈትኑ ሁልጊዜ ከሱራው መጀመሪያ አያስጀምሩንም። ከመሃል አንድ አያ ይቀሩና «ቀጥል» ይሉናል። ከመጀመሪያው እየተንደረደረ የለመደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል።

ሶፍትዌር ስንሠራ ግን ለራሳችን እንዲህ ያለ ፈተና አንሰጥም። ባለፈው ሴሚስተር በቡድን የገንዘብ ማስተላለፊያ አፕ ሠርተን ነበር። ስልክ ቁጥር አስገባን፣ መጠን አስገባን፣ «ላክ» አልን፤ ሠራ። በዲፌንሱ ዕለት አንድ መምህር «ላክ»ን ተጫኑ፤ ምላሹ ሳይመጣ ተመልሰው እንደገና «ላክ» አሉ። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ። እኛ የሞከርነው የምናውቀውን መንገድ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ኮዱን ከመጻፋችን በፊት ሲስተሙ የሚገኝባቸውን ሁኔታዎች በክብ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ድርጊት በቀስት እንሳል። ሞዴል የሚባለው ይህ ነው። የእኛ አፕ 5 ሁኔታና 4 ቁልፍ ነበረው። እያንዳንዱ ቁልፍ በእያንዳንዱ ሁኔታ ላይ ቢጫን ምን ይሁን? 20 ጥያቄ ይወጣል። በኋላ ስንቆጥር የፈተሽነው 6ቱን ብቻ ነበር።

«የክፍል ፕሮጀክት ነው» ብለን አንለፈው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ሕክምና ማሽን በአሜሪካና በካናዳ ቢያንስ 6 ሕሙማንን ከልክ ያለፈ ጨረር መታ፤ የሞቱም ነበሩ። ከመንስኤዎቹ አንዱ የእኛን ይመስላል፦ ባለሙያዋ የጨረሩን ዓይነት ተሳስታ አስገብታ በ8 ሴኮንድ ውስጥ ካረመችው፣ ማሽኑ እርማቱን በሙሉ አይቀበልም ነበር። ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን ስህተት አያገኘውም። «ማሽኑ እየተዘጋጀ ነው» በሚለው ክብ ላይ «ቢታረምስ?» ብሎ የጠየቀ ግን ሊደርስበት ይችል ነበር።

እርግጥ ሞዴሉም የሰው ሥራ ነው፤ የተረሳ ክብ የተረሳ ፈተና ነው። ስለዚህ ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ሞዴሉን ብቻውን አይሳል። ከቡድኑ ሌላ ሰው የተጠቃሚውን ፍላጎት አንብቦ ይሳል፤ ከዚያ እናስተያይ። ሁለቱ ሥዕሎች የተለያዩበት ቦታ ብዙ ጊዜ ስህተቱ የተደበቀበት ነው።

ነገ የምንጽፈው ኮድ የሰው ገንዘብና የሰው ጤና ይይዛል። አማና ነው። ለዘንድሮው ፋይናል ፕሮጀክት ከመጀመሪያው መስመር ኮድ በፊት አንድ ምሽት ለሥዕሉ እንስጥ፤ መምህራችን «ቀጥል» ሳይሉን እኛው ራሳችንን ከመሃል እንጠይቅ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።