ብረቱን ለሰው ስለ ማስረከብ

ይድረስ፦ የሞተር መጋዝ ገዝታችሁ ለቀን ሠራተኛ ለምታስረክቡ፣ የባሕር ዛፍ ደን በቁሙ ገዝታችሁ ለምታስቆርጡ ነጋዴዎች ሁሉ።

ክቡራን ሆይ፤

ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ራሴ ከበደሉ ንጹሕ አይደለሁም። ከአባቴ በተላለፈልኝ ማሳ ዳርቻ የበቀለውን ባሕር ዛፍ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር በቁሙ ስሸጥ፣ ከገዢው ጋር ስለ ዋጋው ግማሽ ቀን ሙሉ ስከራከር፣ ዛፉን የሚጥለው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ምን ለብሶ እንደሚመጣ፣ ሥራውንስ ከማን እንደ ተማረ አንዲት ቃል አልጠየቅሁም።

የመጣው ዕድሜው ከሃያ ዓመት ብዙ የማይርቅ ወጣት ነበር። በእግሩ ኮንጎ ጫማ፣ በራሱ ላይ ፀሐይ ያነጣው የሹራብ ቆብ አድርጎ ነበር፤ ከዚህ በቀር ሥጋውን ከብረት የሚለይ ነገር አልነበረውም። መጋዙም ከፊተኛው እጀታ ፊት ለፊት ሊቆም የሚገባው የእጅ መከላከያ ተነቅሎ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ብቻ ይታይ ነበር። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እጄ እየነካው ሰንሰለቱ እየቆመ ሲያስቸግረኝ ባለቤቱ ራሱ ፈታው» አለኝ። መልሱን ሰምቼ ዝም አልሁ።

ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቀድሞ ከተቆረጠ አንድ ጉቶ አብረው የበቀሉትን አራት ግንዶች ተራ በተራ ሊጥል ተንበርክኮ ሳለ፣ የብረቱ ጫፍ የሚቆርጠውን ግንድ አልፎ ከበስተጀርባ ያለውን ነካ። ዐይኔ ያየው መጋዙ ወደ ላይ ብድግ ማለቱን ብቻ ነው። ጩኸቱ ሲቋረጥ ወጣቱ ቀኝ እጁን በግራ ትከሻው ላይ ጭኖ ተቀምጦ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። ባለቤቴ ነጠላዋን ጠቅልላ ቁስሉ ላይ አጥብቃ ስትጫንለት፣ እርሱ ዐይኑን ከመጋዙ ሳያነሣ «ተሰብሮ ይሆን?» እያለ ይጠይቀን ነበር፤ ቢሰበር ከሚከፈለው እንደሚቀነስበት ያውቅ ነበርና። እግዚአብሔር ይመስገን ሕይወቱ ተረፈች፤ ግራ ክንዱ ግን እስከ ዛሬ ከትከሻው በላይ አይነሣም። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ያው መጋዝ፣ ሰንሰለቱ ተጠርጎ፣ መከላከያው እንደ ተነቀለ፣ በሌላ ወጣት እጅ ሲጮኽ ሰማሁት።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «የታዘዘ ነው» ብሎ መተው ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ተመርምሮ የታወቀውን፣ መድኃኒቱም ተሠርቶ በመጋዙ ላይ የተገጠመለትን አደጋ በፈጣሪ ትእዛዝ ማሳበብ ድፍረት ይመስለኛል። የመጋዙ ሰንሰለት ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በአንዲት ሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በብረቱ የላይ ጠርዝ ከቆራጩ ወደ ፊት ይሄድና፣ በጫፉ ዞሮ በታችኛው ጠርዝ ወደ ቆራጩ ይመለሳል። የብረቱ ጫፍ የላይኛው እኩሌታ እንጨት ሲነካ ጥርሱ ይነክስና ይያዛል፤ ሰንሰለቱን ያስሮጠው የነበረው ኃይልም መውጫ ሲያጣ ብረቱን በሙሉ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ቆራጩ ፊትና አንገት ይወረውረዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው አይቶ፣ አስቦ፣ እጁን እስኪያነሣ ከሚወስደው ጊዜ ባጠረ ቅጽበት ነው። ስለዚህም የሚያድነው የሰውዬው ንቃት ሳይሆን ያ ተፈትቶ የተጣለው መከላከያ ነው፤ መጋዙ ሲወረወር የግራ እጅ አንጓ ይገፋዋል፣ ወይም በዛሬዎቹ መጋዞች በራሱ ክብደት ወደ ፊት ይወድቃል፣ ያን ጊዜ ፍሬኑ ሰንሰለቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

በኛ አገር ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ስለማያልቅ፣ ከአንድ ጉቶ ሦስትም አራትም ሆኖ እየተቃቀፈ ስለሚያድግ፣ አጠናና ማገር የምትሸጡበት በረከቱ ይኸው ነው፤ የመጋዙ ጫፍ ሳይታይ የሚነካው ሁለተኛ ግንድ ዘወትር ከአጠገብ መኖሩም ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጉቶ ላይ የሚሠራ ሰው የብረቱ ጫፍ የት እንዳለ ሁልጊዜ ሊያውቅ፣ በሁለት እጁ የግራውን አውራ ጣት በእጀታው ሥር አዙሮ ሊይዝ፣ ራሱንም ከብረቱ መሥመር ወደ ጎን አድርጎ ሊቆም፣ መጋዙንም ከትከሻው በላይ ከቶ ላያነሣ ይገባዋል። ይህን የሚያስተምረው ማን ነው? መጋዙን ከሱቅ ያወጣችሁት እናንተ ካላስተማራችሁት፣ አንድ ቀን ቀድሞት ከጀመረው ባልንጀራው ይማረዋል።

አንድሬያስ ሽቲል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1929 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ይመዝን ስለ ነበር ሁለት ሰዎች በሁለት ጫፍ ካልያዙት አይሠራም ነበር። ዛሬ ያው ሥራ በአምስትና በስድስት ኪሎ መጋዝ ሲሠራ ድካሙ ቀለለ፣ ተመስገን ነው፤ ሁለተኛው ሰው ግን አብሮ ቀረ፤ ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚቆርጥ ሰው ቢወድቅ ደሙን የሚያቆምለት፣ ጮኾ የሚጣራለት የለውም። እባካችሁ ማንንም ለብቻው አትላኩ።

ስለ ልብሱም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለዚህ ሥራ የተሠራው ሱሪ ከውጭ ሲያዩት ተራ ሱሪ ነው፤ በውስጡ ግን ረጃጅም ጠንካራ ክሮች ተደራርበው ተነጥፈውበታል፣ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሮቹ ተስበው ይወጡና ሰንሰለቱን በሚያዞረው ጥርስ ላይ ተጠምጥመው መጋዙን ያንቁታል። የራስ ቁር፣ የፊት መረብ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ጫፉ ብረት ያለው ቦት ጫማ፣ ጓንትም አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ የመጋዙ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል የሚያልፍ ስለሆነ ዓመታት ያለ መድፈኛ የሠራ ሰው የልጁን ድምፅ መስማት ይሳነዋል፣ ንዝረቱም የጣቶቹን ደም ሥር ይጎዳል።

የዛፉ አወዳደቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ እዚህ የምጽፈው ይህን ብቻ ነው፦ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል መጀመሪያ አፍ ይከፈትለታል፣ ከኋላ ሲቆረጥም የግንዱን ውፍረት አንድ ዐሥረኛ ያህል እንጨት ሳይቆረጥ ይቀራል፣ እርሱም እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ይመራዋል፤ ማጠፊያው ተቆርጦ ያለቀ ዛፍ ወዴት እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም። ቆራጩ ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚሸሽበትን መንገድ አስቀድሞ ይመነጥራል፤ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥም ከሠራተኞቹ በቀር ሰው፣ በተለይም ጭራሮ ለቃሚ ሕፃናት፣ ሊገኙ አይገባም።

የአገሪቱ ሕግ በዚህ ጉዳይ አልዘገየም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያስተምር፣ የመከላከያ ልብስና መሣሪያም እንዲሰጠው ያዝዛል። ነገር ግን እናንተን የምለምነው በቅጣት ለማስፈራራት ብዬ አይደለምና ወደ ሌላው ሕግ ልለፍ። ኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ፣ አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር ሄዶ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ቢወልቅና ባልንጀራውን ቢገድል፣ ሳያውቅ ያደረገው ነውና ሸሽቶ የሚድንበት የመማፀኛ ከተማ ሠርቶለታል፤ በ22ኛው ምዕራፍ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ የሚወድቅ ሰው ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ አዝዞታል። የወለቀው ብረት ሳይታወቅ ከሆነ መማፀኛ አለው። የተሠራለትን መከታ ዐውቆ በመፍቻ የፈታ ሰው ግን ወደ የትኛው ከተማ ይሸሻል? እኔም አይቼ ዝም ያልሁት ከእርሱ ጋር ስለምቆጠር ጥያቄው በሌሊት እየቀሰቀሰ ያስጨንቀኛል።

ትርፉ ጠባብ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ የቤንዚኑ፣ የዘይቱና የጭነቱ ወጪ እንዴት እንደ ናረ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ሰንሰለቱ ሲበጠስ ሳትከራከሩ አዲስ ትገዛላችሁ፣ ለሞተሩም የሚስማማውን ዘይት በመጠኑ ለክታችሁ ትቀላቅላላችሁ፤ ብረቱን የሚይዘው ሰው ሱሪና ቁር በዚያው ሒሳብ ውስጥ ይግባ ነው የምላችሁ። እኔም ከእንግዲህ ዛፍ ስሸጥ ለዚህ የሚሆነውን ከዋጋው ልቀንስላችሁ ዝግጁ ነኝ፤ መከላከያ የሌለው መጋዝ ግን ወደ ማሳዬ አይገባም።

እስከዚያው ነገ ጧት መጋዙን ለሠራተኛው ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። መሬት ላይ አስቀምጣችሁ፣ የኋላውን እጀታ በእግራችሁ ረግጣችሁ አስነሡት፤ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙትና ሰንሰለቱ በሙሉ ኃይሉ ሲዞር፣ ግራ እጃችሁን ከእጀታው ሳትለቁ መከላከያውን በአንጓችሁ ወደ ፊት ግፉት፣ ወዲያውም ምላጩን ልቀቁ። ሰንሰለቱ በዚያው ቅጽበት ካልቆመ፣ ወይም የምትገፉት መከላከያ ከሌለ፣ መጋዙን ለማንም አትስጡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የባሕር ዛፍ ሻጭ