ከመስኮቱ ማዶ ያለው ጠመንጃ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ይህ መንገድ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ኾኖ የአገራችን የመጀመሪያው ፈጣን መንገድ ነው፤ የተፈቀደውም ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከጅቡቲ ዕቃ የጫነው ከባድ መኪና፣ ከቢሾፍቱ የሚመለሰው ሽርሽረኛ፣ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪና ከቂሊንጦ የሚወጣው ተማሪ ኹሉም በዚሁ ይገናኛሉ። በመካከላቸው ቆሞ ኹሉን እንደ ሕጉ እንዲያስተናግድ የታዘዘው የትራፊክ ፖሊስ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ሰው ሥራ ነው፤ ይልቁንም ባስቆመው መኪና ውስጥ መሣሪያ ሲኖር ሥራው ምን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ትራፊክንና ጠመንጃን ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይኾናል። መልሱ ቀላል ነው። ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ፈጽሞ የማያውቀውን ሰው፣ ያለ ቀጠሮ፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚያስቆም ከትራፊክ ፖሊስ በቀር እምብዛም የለም። ዳኛው ተከሳሹን የሚያየው ተፈትሾ ከገባ በኋላ ነው። የጉምሩኩ ሹም በግቢውና በዘበኛው ይጠበቃል። የትራፊክ ፖሊሱ ግን በእግሩ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ነጂው እርሱን ከራስ እስከ እግሩ ያየዋል፤ እርሱ ግን ከወንበሩ ሥር ያለውን አያይም። ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው ፊሽካውና ቅጣት የመጻፍ ሥልጣኑ ብቻ ነው።

መሣሪያ የያዘው ሰው ሽጉጡን መምዘዝ እንኳ አያስፈልገውም። ኮቱን ገለጥ ቢያደርግ ይበቃል። «ማን እንደ ኾንኩ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ በባዶ እጅ ሲነገር ጉራ ነው፤ በታጠቀ ሰው አፍ ሲነገር ግን ዛቻ ይኾናል። በዚያች ደቂቃ ፖሊሱ ልጆቹን ያስባል፤ የወር ደመወዙንም ያስባል፤ ከዚያም «ይለፉ ጌታዬ» ይላል። ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን በዚያች ቃል ሕጉ ኹለት ጊዜ ተሰብሯል። መጀመሪያ በፍጥነቱ፣ ኋላም በፍርሃቱ።

የዚህን ዕዳ የሚከፍለው ፖሊሱም ነጂውም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሞቱትን ሰዎች 27,326 ያህል እንደሚኾኑ ገምቷል። በዚያው ዓመት በይፋ ተመዝግቦ የተገኘው ቁጥር ግን 4,352 ነበር። በኹለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ራሱን የቻለ ሐዘን ነው፤ ሰው ሞቶ እንኳ ከመዝገብ አልገባምና። በአዲስ አበባም ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይኸው ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ያስረዳል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲበር የቆየ ነጂ ዓይኑ ፍጥነትን ይለምዳል፤ ወደ ከተማ ሲገባ 80 እንኳ እንደ ዝግታ ይታየዋል። ስለዚህ በቱሉ ዲምቱ የቆመው ፖሊስ ለዚህ ነጂ የመጀመሪያው ፍሬን ነው። ያ ፍሬን በሽጉጥ ፍርሃት ሲላላ፣ የሚገጨው ዘምቢል ይዛ ወደ ማዶ የምትሻገረው እናት ናት።

ጠመንጃ ወደ አገራችን ከገባ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ነፃነታችንን ካስጠበቁት ነገሮች አንዱም እርሱ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ግን ለዐፄ ምኒልክ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ኾኖም ኋላ የመጣው መኪና ቀድሞ የመጣውን ጠመንጃ በሕግ ቀድሞታል። መኪና ሰሌዳ አለው፤ ሊብሬ አለው፤ በየዓመቱ ይመረመራል፤ የሦስተኛ ወገን መድን ይገባለታል፤ ነጂውም ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ይይዛል። ይህን ኹሉ የምናደርገው መኪናን ጠልተን አይደለም፤ ሰው የሚገድል ነገር ባለቤቱ በግልጥ መታወቅ ስላለበት ነው። ጠመንጃስ ከዚህ ያነሰ ነገር ነውን?

ሕጉ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ሕገ ወጥ ዝውውርንም ይቀጣል። ነገር ግን አዋጁ በወጣ በዓመቱ ውስጥ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሐል አገር በተጠጋ ጊዜ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በኹለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ጥሪ አቀረበ። ያን ጊዜ የነበረውን ጭንቀት ኹላችንም እናውቀዋለን፤ ጥሪውንም ለመንቀፍ አናነሣውም። የምንለው ይህን ነው፦ መዝገብ የሚያስፈልገው በጭንቅ ቀን ብቻ አይደለም። የመኪና ሰሌዳ በአንድ ሳምንት ዘመቻ አይታደልም፤ ከዓመት ዓመት የሚሠራ ጽሕፈት ቤት አለው። የመሣሪያም መዝገብ እንዲሁ የዘወትር ሥራ ካልኾነ፣ በመንገድ ላይ ያለው ፖሊስ ሕጋዊውን ባለመሣሪያ ከሕገ ወጡ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በዚህ ነገር ኹለት ተቃውሞ ይቀርባል፤ ኹለቱንም ልንመዝናቸው ይገባል።

አንደኛው «መሣሪያ ባህላችን ነው፤ ገበሬው ራሱንና ከብቱን በምን ይጠብቅ?» የሚል ነው። ይህ አባባል በቦታው እውነት አለው። ፖሊስ ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅበት አገር የሚኖር ሰው ጠመንጃውን እንዲጥል ከማዘዝ በፊት ጥበቃውን ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ነው። ይኹን እንጂ ይህ ምክንያት ከገበሬው ጋራ በገጠር ይቀራል እንጂ ከባለመኪናው ጋራ ተሳፍሮ ወደ ከተማ አይገባም። ገበሬው በጠመንጃው ጅብ ይከላከል ይኾናል፤ በቱሉ ዲምቱ አደባባይ የሚከላከሉት ጅብ ግን የትኛው ነው?

ኹለተኛው ተቃውሞ «እንግዲያው የትራፊክ ፖሊሱንም አስታጥቁት» የሚል ነው። ይህ መድኃኒት በሌላ አገር ተሞክሯል። በአሜሪካ በሲቪሎች እጅ ያለው መሣሪያ ከሕዝቡ ቁጥር እንደሚበልጥ ተገምቷል፤ መኪና የሚያስቆመውም ፖሊስ የታጠቀ ነው። በሐምሌ ወር 2016 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ መኪናውን እንዲያቆም ታዘዘ። ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ስለ ነበረው፣ መሣሪያ መያዙን ራሱ ለፖሊሱ ነገረው። ጥቂት ሰከንዶች እንዳለፉ ፖሊሱ ሰባት ጥይት ተኮሰ፤ ሰውየውም ሞተ። በተከታዩ ዓመት ፖሊሱ በፍርድ ቤት ነፃ ወጣ። እነሆ፣ ኹለት የታጠቁ ሰዎች በአንድ መስኮት ግራና ቀኝ ሲቆሙ ሕጋዊ ፈቃድ እንኳ ነፍስ አላዳነም። በብሪታንያ ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. በደንብሌን ሕፃናት በትምህርት ቤታቸው ከተገደሉ በኋላ በሲቪሎች እጅ የነበረ ሽጉጥ በሚቀጥለው ዓመት በሕግ ተከለከለ፤ በዚያ አገር አብዛኛው ፖሊስ ዛሬም ያለ ጠመንጃ ይሠራል። የእነዚህ አገሮች ሀብትና ታሪክ ከእኛ የተለየ ነው። ትምህርቱ ግን አይለይም፤ የፖሊሱን ፍርሃት የሚያስወግደው በወገቡ የሚታጠቀው ሳይኾን ከመስኮቱ ማዶ የሌለው ነው።

ይህን ስንል ፖሊሱን መልአክ አድርገን መሣላችን አይደለም። ዜጋን የሚያመናጭቅ ፖሊስ፣ ቅጣቱን ትቶ እጁን የሚዘረጋ ፖሊስ ራሱ የሕጉን ክብር ይጥላል። የተናቀ ሕግ ደግሞ ለባለሽጉጡ ምቹ ነው። እንደዚሁም የደንብ ልብስ የለበሰ ወይም ባለሥልጣን የሚያጅብ ኹሉ በመንገድ ሕግ ፊት እንደ ማንኛውም ነጂ መቆም አለበት። ታጣቂ የጫነ መኪና ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍ ያየ ሕፃን፣ ሕግ ለባዶ እጅ ሰው የተሠራ ነገር ነው ብሎ ያድጋል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የመሣሪያ ምዝገባ እንደ መኪና ምዝገባ ቋሚ ሥራ ይኹን፤ መዝገቡም በመንገድ ላይ ያለው ፖሊስ በስልክ ወይም በራዲዮ ጠይቆ ወዲያው መልስ የሚያገኝበት ይኹን። ኹለተኛ፣ ፈቃድ ያለው ባለመሣሪያ መኪናው ሲቆም እጁን በመሪው ላይ አድርጎ ፈቃዱን አስቀድሞ የሚገልጥበት፣ ፖሊሱም ያለ ድንጋጤ የሚቀበልበት ሥርዐት ለኹለቱም ይማሩት። ሦስተኛ፣ በመሣሪያ አስፈራርቶ ከትራፊክ ቅጣት ያመለጠ ሰው በመንገድ ጥፋቱ ብቻ ሳይኾን በዛቻውም ተከሶ፣ ሹመቱና ዘመዱ ሳይታይ ይቀጣ። አራተኛ፣ «ይለፉ» ያላለው ፖሊስ በማግስቱ ከአለቃው ተግሣጽ ሳይኾን ምስጋና ያግኝ። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ አያስወጣም፤ ምናልባትም ከኹሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

በተለይ ለእናንተ፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ አንድ ቃል እንጨምር። ከመካከላችሁ ዛሬ መሐንዲስነት የሚማረው ነገ በቱሉ ዲምቱ የእግረኛ መሻገሪያውን የሚነድፍ ነው። ሕግ የሚማረው ዐቃቤ ሕግ ኾኖ ከዚያ አደባባይ የመጣውን ክስ ያነባል። ከእናንተም ጥቂቶች መኪናና አጃቢ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። መምህሮቻችንም ይህን ጉዳይ በሴሚናርና በጥናት እንዲያነሡት እንለምናለን፤ በመንገዱ የሚሞተውን ሰው በትክክል መቁጠር እንኳ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነውና።

የአንድ አገር ሥልጣኔ በሕንፃው ከፍታና በመንገዱ ስፋት ብቻ አይለካም። ደመወዙ ትንሽ የኾነ አንድ ሰው፣ በባዶ እጁ፣ ትልቁን መኪና «ቁም» ሲለው መኪናው የሚቆም እንደ ኾነ፣ በዚያ አገር ሕግ አለ ማለት ነው። የማይቆም እንደ ኾነ ግን መንገዱ የተሠራው ለጠመንጃው ነው።